በጥቁር ቱታ የተነገረ መርዶ

አርባ ምንጭ ውስጥ ለመሮጥ በቂ ምክንያት ያላቸው ሦስት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሌባ፣ ሌባውን የሚያባርር፣ እና አዞ ያየ። እኔ ከሦስቱም አይደለሁም። ሌባ እንዳልሆን ሆዴ በአጥር አያሾልከኝም። ሌባ እንዳላባርር ሌባው ቆሞ ካልጠበቀኝ አልደርስበትም። አዞ ባይ ደግሞ ከምሮጥ ይልቅ ባለሁበት ቁጭ ብዬ ንስሐ ብገባ ይቀለኛል። ታዲያ ለምን ሮጥክ ብትሉኝ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው።

ሐኪሙ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ልጅ ነው። የደም ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካ። በመጀመሪያው መሣሪያውን ጠረጠረ፣ በሁለተኛው እኔን።

«አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

የምሠራው ስለ እርሻ ሪፖርት የሚጻፍበት ቢሮ ውስጥ እንደሆነ ነገርኩት።

«ታዲያ ወደ መስክ አይወጡም?»

«የሚወጡት ሌሎች ናቸው። እኔ መውጣታቸውን ነው የምጽፈው።»

ልጁ አልሳቀም። ጨው ይቀንሱ፣ ጮማ ይተዉ፣ በየቀኑ ይሩጡ ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። በአርባ አራት ዓመቴ «አባቴ» መባሌ ከግፊቱ በላይ ስላመመኝ ያለ ክርክር ተቀብዬ ወጣሁ። ጮማውን ለመተው ግን እስከሚቀጥለው ጾም ጊዜ እንዲሰጠኝ በልቤ ለመንኩት።

ብቻዬን መሮጥ ስላፈርኩ ሁለት ሰው አሰባሰብኩ። አንደኛው ዘሪሁን ነው። የጎጃም ልጅ ነው፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል ተከራይቷል። ሥራ ፈላጊ ስለሆነ ጊዜ አለው፣ ጊዜ ስላለው አሠልጣኛችን ሆነ። ሁለተኛው ጀማል ነው። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያው አጠገብ የጅምላ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው፣ የሃያ ዓመት ጎረቤቴ። እሱንም ሐኪም ስኳር አለብህ ብሎታል። «ዕድሜዬን ሙሉ በኩንታል ስጭነው ምንም ያላለኝ ስኳር አሁን በጭልፋ ልክ መጥቶ ይጣላኛል» እያለ ይገረማል።

ቱታውን ያመጣው ጀማል ነው። ከመጋዘኑ ውስጥ በእኔና በእሱ ልክ የተገኘው አንድ ቀለም ብቻ ነበር፤ ጥቁር። ዘሪሁንም ቡድን ማለት አንድ ዓይነት ልብስ ነው ብሎ ጥቁር አደረገ። ለላብ ደግሞ ለእያንዳንዳችን ነጭ ፎጣ ተሰጠን። ጥቁር ልብስ ሰውን ቀጭን ያስመስላል ብሎ ጀማል አጽናናኝ፣ እኔም አመንኩት።

መንገዱን የመረጠው ዘሪሁን ነው። ከኩልፎ ድልድይ ተነስተን ወንዙን ይዘን፣ በሙዝ ማሳው መሃል አቋርጠን፣ አባያ ሐይቅ ዳር ደርሰን መመለስ። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ የሚያየውን ውበት እናንተ ተኝታችሁበታል እያለ ይወቅሰናል። እውነቱን ነው፣ ውብ ነው ይባላል። ጀማል ሐይቁን አይቷል፣ ከማዶ ያለውን ተራራ አይቷል፣ ጉማሬ ከውሃ ሲወጣም አይቷል። እኔ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ከዚያ ሁሉ መልክዓ ምድር ያየሁት የዘሪሁንን ተረከዝ ነው።

ደግሞ መሮጥ እንደምታስቡት ዝም ብሎ መሮጥ አይደለም። በእኛ አገር ሰው በሰው አጠገብ ሰላም ሳይል አያልፍም። ሰላም ለማለት መቆም አለ፣ ከቆሙ በኋላ ወዴት ነው ይባላል። ወደ የትም አይደለም፣ ለጤና ነው ስትል ደግሞ «ውይ፣ ምን ነካህ?» ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ እኔ በማይድን በሽታ ተይዤ የምሮጠውም ሞት እንዳይዘኝ ነው የሚል ወሬ ላይኛው ከተማ ሴቻ ድረስ ወጥቶ፣ የቢሮ ባልደረቦቼ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። አንዱማ ስሞት ወንበሬን መረከብ ይችል እንደሆነ ከወዲሁ ጠየቀኝ። ለሰላምታ መቆሙን የከለከለው ዘሪሁን ነው፤ ከዚያ በኋላ በእጃችን ብቻ ሰላም እያልን፣ የሰው ፊት ሳናይ ማለፍ ጀመርን። ይህን የነገርኳችሁ ሐይቁ ዳር ያሉት መንደሮች ለምን እንዳላወቁን እንድትረዱ ነው።

እሑድ ነበር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ዘሪሁን «ዛሬ ሳናቋርጥ ነው» አለ። እሺ አልኩ፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ምን የማይለው አለ። አባያ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን፣ የማንጎ ዛፎች ያሉበት መንደር ውስጥ፣ ትንፋሼ ከእኔ ጋር መሄዱን ተወ። አንድ የቆርቆሮ በር ይዤ ቆምኩ።

እስቲ ከበሩ ውስጥ ሆናችሁ እዩን። ገና ጎህ እየቀደደ ነው። ሦስት ጥቁር የለበሱ ወንዶች በር ላይ ቆመዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ በሩን ይዞ በነጭ ፎጣ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ላብ ገብቶብኝ ነው። ሁለተኛው ፎጣውን በራሱ ላይ ጥሎ የመጀመሪያውን ጀርባ እየዳበሰ አይዞህ ይላል። ሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሏል፤ ዘሪሁን ነው፣ ሰዓቱን እያየ የልብ ምቴን ይቆጥራል። አሁን ንገሩኝ፤ መርዶ ነጋሪ ከዚህ ሌላ እንዴት ሆኖ ይመጣል? በእኛ አገር ሰው የሞተበት ሰው የሚረዳው ጎህ ሲቀድ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ እንዲህ በሩ ላይ ተሰብስበው መጥተው ነው።

በሩ ተከፈተ። ነጠላ የተከናነበች፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ብቅ አለች። ወይዘሮ አስቴር እንደምትባል ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ በአንድ አየችን።

«ማርቆስ ነው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ማርቆስ የሚባል ሰው አላውቅም። አላውቅም እንዳልል ትንፋሽ የለኝም። ቆይ አንድ ጊዜ ለማለት እጄን አነሳሁ፣ ራሴንም ነቀነቅሁ። ጀማል እኔን ለማገዝ ብሎ «አይዞሽ እናቴ፣ ምንም የለም» አላት።

ጀማል ደግ ሰው ነው። ግን ጎህ ሲቀድ፣ በር ላይ፣ ጥቁር ለብሶ አይዞሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱም ከተናገረው በኋላ ነው የገባው። ሴትዮዋ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለችና ጮኸች።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት እኛ ሯጮች ያላየነው ነው። ጎረቤት በአጥሩ ዘሎ መጣ። ጥሩምባው ተነፋ። ስድስት ሰዎች የእድሩን ድንኳን ተሸክመው ደረሱ፣ አግዳሚ ተደረደረ፣ ድስት ተጣደ። እኛን ከፊት ባለው አግዳሚ አስቀመጡን፤ የመርዶ ነጋሪ ቦታ ነው። ከእኔ ግራ ጀማል፣ ከቀኜ ዘሪሁን። የእድሩ ዳኛ አቶ ሻንካ መጥተው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ከደጋ የወረዱ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ።

«ማርቆስ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

በሐዘን ላይ ጨዋታ የማይወዱ መሆናቸውን በዓይናቸው ነገሩኝ። ቢሆንም መለሱልኝ። ማርቆስ የወይዘሮ አስቴር አንድ ልጅ ነው። በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዓመት ሊሆነው ነው። ደርሻለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ ጠፋ።

«አባቴ፣ እኛ ስፖርት የምንሠራ ሰዎች ነን» አልኩ። «ማርቆስን አናውቀውም።»

ሻንካ ሆዴን አዩት። «እኛ አገር፣ ደጋ ላይ፣ ጎልማሳ የሚሮጠው ለቅሶ ላይ ነው፤ ጦር ይዞ። አንተ ጦሩን የት ጣልክ?»

«ልጁ ደህና ነው፣ አባባ» አለ ዘሪሁን፣ ነገሩን ለማሳጠር።

ሻንካ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄ፣ እኔም ለስንት ሰው ደህና ነው ብያለሁ። መጀመሪያ ደህና ነው ይባላል። ቀጥሎ ትንሽ አሞታል። ቀጥሎ ሆስፒታል ገብቷል። ይህን ለእናቱ አቆይላት። ለእኔ ቁርጡን ንገረኝ።»

«ቁርጡ፣ ማንም አልሞተም።»

«እሺ» አሉ። «አስከሬኑን ያየው ማን ነው?»

«አስከሬን የለም።»

ሻንካ ተነሱና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «አስከሬኑ አልተገኘም» አሉ። ሴቶቹ ጋብ ብለው የነበሩት እንደ አዲስ ጀመሩ።

እንግዲህ እዩልኝ። ሞቷል ብንል ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይታመን ነበር። አልሞተም ማለታችን ነው ያስያዘን። በካድን ቁጥር ጨዋ መርዶ ነጋሪዎች መሆናችን እየተረጋገጠ ሄደ፤ አንድ ሽማግሌማ እንዲህ ያለ አረዳድ ድሮ ቀረ ብለው ሲያመሰግኑን ሰማሁ።

እዚህ ላይ ሳቄን ይዤ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ ወይዘሮ አስቴር ከድንኳኑ ጥግ ተነስታ መጣች። መሬት ላይ፣ እግሬ ሥር ተቀመጠችና የፎጣዬን ጫፍ ያዘች።

«ሲሞት አጠገቡ ነበርክ?» አለችኝ።

«አልነበርኩም፣ እናቴ።»

«ብቻውን ነው የሞተው?»

ሳቄ ከሆዴ ጠፋ። አፈርኩ። ይህች ሴት ላይ ምን እንዳደረግሁባት የገባኝ ያኔ ነው። ማርቆስ ደህና ነው ብዬ ብምልላት የምታምነኝ አይደለም፤ ማመን ያለባት ድምፁን ሰምታ ነው።

ጀማልን ጎሸም አደረግሁት። ነጋዴ ዘመድ የሌለበት አገር የለም። እሱም ቀድሞኝ አስቦ ኖሮ «ሙባረክ» አለ፤ ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው የእህቱ ልጅ ነው። «የእኛን አገር ሰዎች ሁሉ ያውቃል። ግን እዚህ ኔትወርክ የለም።» በዚያን ጊዜ ኔትወርክ የሚባለው ነገር ሐይቁ ዳር አይወርድም ነበር፤ የሚገኘው ድልድዩ ላይ ነው፣ እሱም ከወንዙ ወዲያኛው ጫፍ ቢቆሙ።

«ዘሪሁን ይሩጥ» አልኩ። ሻንካ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወጣቱ ይቀመጥ። እሱ ከሮጠ አንይዘውም።» ከዚያ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄኛው ይሂድ። ይሄ አያመልጥም።»

የጀማልን ስልክ ይዤ ሮጥኩ። ሕይወቴን ሙሉ ሳልቆም የሮጥኩት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ቢያየኝ «ልጄ» ብሎ ይጠራኝ ነበር። መንገዱ ላይ ጥሩምባ ሰምተው ወደ ለቅሶው የሚወርዱ ሰዎች ገጠሙኝ። ማን ነው የሞተው ይሉኛል። ማንም አልሞተም እላለሁ። «እንዲህ የሚደብቁት ትልቅ ሰው ቢሆን ነው» ሲባባሉ ከኋላዬ እሰማለሁ፤ ለቅሶው እንዲደምቅ የረዳሁት እኔው ነኝ።

ድልድዩ ላይ ደርሼ ሙባረክን አገኘሁት። ከእንቅልፉ ነው የቀሰቀስኩት። ማርቆስ የሚባል የአርባ ምንጭ ልጅ ፈልግልኝ አልኩት።

«ጋሼ፣ እዚህ ማርቆስ ብዙ ነው። ከአንዱ ከተማ እስከ አንዱ ላጠያይቅ። ጠብቀኝ።»

ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ ከዚያም አለፈ። ከድልድዩ ሥር ኩልፎ ይወርዳል። ትንፋሼ ተመልሶልኝ ነበር፣ ትንፋሽ ሲመለስ ደግሞ ሐሳብ አብሮ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ የእኔ ጥፋት በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማስባል መስሎኝ ነበር። ግን በሕይወት መኖሩን በምን አወቅሁ? ማን ነገረኝ? ሦስት ወር የጠፋ ሰው ነው። ሙባረክ ደውሎ ሌላ ነገር ቢለኝስ? ያኔ ተመልሼ ገብቼ፣ ያንኑ ቱታ ለብሼ፣ ያችው ሴት ፊት መቆሜ ነው፤ አሁን በእውነት። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የማላውቀውን ልጅ በስሙ እየጠራሁ፣ ማርቆስ እባክህ ኑር አልኩት።

ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው።

«ሄሎ» አለ አንድ ወጣት ድምፅ። ያለቅሳል። «እናቴ ናት?»

«ማርቆስ ነህ?»

«ነኝ። እናቴ ናት?»

ድልድዩ ላይ ተቀመጥኩ። «ደህና ናት፣ ልጄ። አንተ ደህና ነህ?»

«መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«የሞተችው።»

ሙባረክ ወዳጆቹን ልኮ ኖሮ፣ ማርቆስ ተኝቶ ሳለ ሦስት የአገር ልጆች፣ እዚያ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሩን አንኳኩተው ከአርባ ምንጭ ትፈለጋለህ ብለውታል። ልጁ ምን ያድርግ? እዚያ ሆነው ሦስቱ «አይዞህ፣ ምንም የለም» ሲሉት ይሰማኛል። የጀማል ዘመዶች መሆናቸውን ለማወቅ መታወቂያ አላስፈለገኝም።

«ማንም አልሞተም» አልኩት፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«አባቴ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ።»

«ቁርጡ ይሄ ነው። አንተ ለምንድን ነው የማትደውለው?»

«ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል?» አለ። «ሰው ሱቅ ውስጥ ነው የምተኛው። ትንሽ ሲሻለኝ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ ሳልደውልላት ሞተች።»

ለዚህ ልጅ የሚሆን መድኃኒት እኔ ጋ አልነበረም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሰህ ደውል፣ ራሷን አቀርብልሃለሁ አልኩትና ወደ መንደሩ ተመልሼ ሮጥኩ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰዉ ውጭ ቆሟል። ማርቆስን አነጋገርኩት ስል ሻንካ ትከሻዬን ያዙ። «ጥሩ መጽናኛ ነው» አሉኝ በጆሮዬ። «ግን ዛሬ አይደለም፣ ከሠልስት በኋላ ይሻል ነበር።»

ወይዘሮ አስቴር ግን ተነስታለች። «ኔትወርኩ የት ነው?» አለች።

ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድም፣ የእድር ሕግ ነው። እሷ ስትነሳ ሰው ሁሉ ተነሳ። በወንዙ ዳር፣ ዘሪሁን በመረጠው በዚያ ውብ መንገድ፣ መቶ የማያንስ ሰው ተሰልፎ ወጣ። ጥሩምባ ነፊው ከፊት ነው። ሁለት ሰዎች ምናልባት ትደክማለች ብለው አግዳሚ ተሸክመዋል። ዘሪሁን አጠገቤ መጥቶ ለጠዋት ስፖርት ይህን ያህል ሕዝብ ሲወጣ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ።

ድልድዩ ላይ ደርሰን እንደቆምን ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለወይዘሮ አስቴር ያዝኩላት።

«እማዬ?»

«ማርቆስ?»

መጀመሪያ የጠረጠረው እሱ ነው።

«አክስቴ ነሽ፤ ድምፅሽ የእሷን ይመስላል። እውነቱን ንገሪኝ፣ በእማዬ ስም አታታልሉኝ።»

«ሹራቡን ለብሰሃል?» አለች።

«የቱን?»

«አረንጓዴውን። አገሩ ብርድ ነው ሲሉኝ በእጄ የሠራሁልህን።»

«ሰ . . . ሰረቁኝ።»

«ለሰው ሰጥተኸዋል። እዚህ ሳለህ ጫማህንም እንዲሁ ሰረቁኝ ብለህ ለጓደኛህ ለዳዊት ነው የሰጠኸው። አንተ ልጅ፣ ራቁትህን ልትሞት ነው እንዴ? ሦስት ወር ሙሉ ምላስህ ተቆርጦ ነው? አምጣልኝ ያልኩህ ነገር አለ?»

ከዚያኛው ወገን ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ነገር መጣ። «እሷ ናት» ሲል ሰማነው፣ አጠገቡ ላሉት። «ወላሂ እሷ ናት።» ከሙስሊሞች ጋር ነው የሚኖረው፣ መሐላውን ከእነሱ ተምሯል።

ወይዘሮ አስቴርም ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል» አለች። «እሱ ነው።» ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ጥሩ ነገር ነው ይዘውት መምጣታቸው።

ሰው አለቀሰ። ቅድም ካለቀሰው ይበልጥ ነው ያለቀሰው። ሻንካ ብቻ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ንፍሮው ግን ተቀቅሏል» አሉ። ሁላችንም ወደ ድንኳኑ ተመልሰን በላን። እኔ ሁለት ጊዜ ተጨመረልኝ፤ ጨው እንደሌለበት አረጋግጬ ነው። ጀማል መርዶ ነጋሪ ተመርቆ ሲወጣ ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነግረኝ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ እውነትም ቆመው መረቁን።

ልንሄድ ስንነሳ ወይዘሮ አስቴር እስከ በሩ ሸኘችን። ይቅርታ እንድታደርግልን ጠየቅኋት። እንዳልሰማች ሆነች።

«ሦስት ወር ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ ይህን በር እከፍታለሁ» አለች። «መርዶ ይዛችሁ መጥታችሁ እንደሆነ ለማየት ነው። በየቀኑ ከፍቼ፣ ዛሬም አልመጡም ብዬ ዘግቼ እገባለሁ።»

ዘሪሁን አንገቱን ደፋ፣ አሁን የልብ ምት እየቆጠረ አይደለም።

«ዛሬ መጣችሁ» አለች። «ነገ እተኛለሁ። እናንተ ግን በሌላ በኩል ሩጡ።»